እናት የተባለችው ልጃገረድ

መምህር ጋረደው ደብተር ሲመልስ የደብሪቱን ምንጊዜም ከሁሉ መጨረሻ ያደርገዋል። የሌሎቹን ስም እየጠራ ያድላል፤ የእሷን ግን እስከተቀመጠችበት ድረስ ይዞላት ይሄዳል። በሁለት እጁ ይሰጣታል፤ በሁለት እጇ ትቀበለዋለች። ሌላ ምንም የለም። ያም ሆኖ በዚያች ቅጽበት የደብሪቱ ልብ አመታቱ፣ ከሣር ዳሱ ሥር የተቀመጡት ሠላሳ ተማሪዎች ሁሉ የሚሰሙት እስኪመስላት ድረስ ነበር።

ጊዜው 1977 ዓ.ም. ነው፤ ድርቁና ጦርነቱ አገሬውን ከቀየው ነቅሎ ወደ ሱዳን ያፈሰሰበት ዓመት። ደብሪቱም ከታላቅ ወንድሟ ከአስፋው ጋር ከአርማጭሆ ተነሥታ፣ እናቷን መንገድ ላይ ቀብራ፣ ገዳሪፍ አውራጃ ውስጥ ባለው የኡም ራኩባ መጠለያ ከገባች አምስተኛ ወሯን ይዛለች። አባቷ ታምሬ በሕይወት ሳሉ በአገራቸው የተፈሩ ባላባት ነበሩ። መሬቱም ከብቱም እዚያው ቀርቷል። አስፋው ድንበር አሻግሮ ያመጣው ነገር ቢኖር ኩራቱን ብቻ ነው።

ደብሪቱ እንግሊዝኛ መማር የጀመረችው ለሥራ ብላ ነው። የክሊኒኩ ኃላፊ ሱዳናዊቷ ነርስ ኢንቲሳር፣ ልጅቱ ሳትጸየፍ የታመመ ስታገላብጥ አይታ ወዳታለች። ከስደተኛው በለቃቀመችው አማርኛ፣ «አንች የመድኃኒት ስም ማንበብ ቻይ፤ ኸላስ፣ በቃ፣ ረዳቴ ነሽ» አለቻት። ደብሪቱም በማግስቱ ዳሱ ሥር ተገኘች።

ጋረደው ጎንደር ከተማ ያስተምር የነበረ፣ ቀጠን ያለ፣ ሳቁ ቅርብ የሆነ የሠላሳ ዓመት ሰው ነው። የመጀመሪያው ቀን ጠመኔውን እንዳነሣ፣ «ስሜ ጋረደው ወልደ ማርያም ይባላል። አባቴ ሸማኔ ናቸው። ይህን ኋላ ሰምቶ የሚደነግጥ እንዳይኖር ከወዲሁ መናገሬ ነው» አለ። ክፍሉ ሳቀ። አስፋው ግን ማታ ይህንኑ ከእህቱ አፍ ሲሰማ አልሳቀም። «ቋንቋውን ተማሪ፤ ሰውየውን ተይው» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ሰውየውን መተው ግን አልሆነላትም። ሌሎቹን ልጃገረዶች አንች እያለ እሷን «እርስዎ» ይላታል። የቤት ሥራዋን ጨርሳ ከገጹ ግርጌ አንድ መስመር በአማርኛ መጻፍ ለመደች፤ እሱም በቀይ እስክሪብቶ ከሥሩ መመለስ ለመደ። መጀመሪያ ስለ ንፋሱ ነበር፤ ቀጥሎ ስለ ጎንደር፤ ቀጥሎ ደግሞ ስለ ምንም። ደብዳቤያቸው ያ ነበር።

የካቲት ውስጥ የሰውን ጠባይ የሚገልጹ ቃላት አስተማራቸው። ታጋሽ፣ ዓይን አፋር፣ ቸር፣ ግትር። ሁሉም ለጎረቤቱ አንድ ቃል እንዲመርጥ አዘዘ። የደብሪቱ ተራ ሲደርስ አራት ሰው ባንድ ድምፅ «ግትር!» አለ፤ ሳቁ ዳሱን ሞላው። ያን ለት ከገጹ ግርጌ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ሁሉም ግትር አሉኝ። እርስዎስ ምን ይሉኛል?»

መልሱ በማግስቱ መጣ። «በራሷ የምትተማመን። ይህና ግትርነት ከሩቅ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ፤ ቀረብ ያለ ሰው ግን ይለያቸዋል።»

ቀረብ ያለ ሰው። ይህችን ቃል አሥር ጊዜ አነበበቻት። ቀጥላም፣ «ለራስዎስ የትኛውን ቃል ይመርጣሉ?» ስትል ጠየቀችው።

«እኔን የሚገልጸውን ገና አላስተማርኳችሁም» ብሎ መለሰ። ደብሪቱ ጨዋታ መሰላት። ቀኑን ሙሉ ፈገግታ ከፊቷ አልጠፋም።

* * *

መጋቢት ሲገባ ኢንቲሳር ከካርቱም ስትመለስ አንድ እስር አሮጌ ጋዜጣና መጽሔት ለክፍሉ ይዛ መጣች። ጋረደው ደስ አለው። ጋዜጠኛ፣ አዘጋጅ፣ ርዕስ፣ ዝነኛ ሰው፣ ሐሜት የሚሉትን ቃላት በእንግሊዝኛ ደረደረ፤ በመጨረሻም ሰሌዳው ላይ «ፕራይቬሲ» የሚለውን ጻፈ።

«ይህን እንኳ ባንድ ቃል አልመልሰውም» አለ። «ሰው ለራሱ ብቻ የሚያስቀረው ማለት ነው። ካልፈቀደለት በቀር ሌላው የማይገባበት። በውጭ አገር ስመ ጥር ዘፋኞች ሳይፈቅዱ ፎቶ ያነሣቸውን ጋዜጣ ፍርድ ቤት ያቆሙታል።»

ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ «እኛ ባንድ ድንኳን አሥራ አንድ ሆነን ነው የምናድረው፤ ይኸ ነገር ለኛ አልተሰፈረልንም በለና!» ሲሉ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

ደብሪቱ አልሳቀችም። «መምህር» አለች፣ «ዝነኛ ያልሆነ ሰውስ? ሳይጠይቁ ፎቶ ቢያነሡት የት ይከሳል?»

ጋረደው ዓይኑን ከዓይኗ ነቀለ። ጠመኔውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «እሱን… ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን» አለ። ደብሪቱ በሰው ፊት ስላየችው ያፈረ መሰላትና፣ ወዳጅ ሲያፍር እንዴት ደስ ይላል ብላ አሰበች።

መጽሔቶቹን አደላቸው። እያንዳንዱ ከገጾቹ የሚያውቃቸውን ቃላት እየለቀመ ሳለ ከጎኗ የተቀመጠችው ልጅ ጮኸች፦ «ደብሪቱ! ኸረ ይች አንች አይደለሽም?»

ገጹን ሙሉ ፊቷ ነበር። ፀጉሯ የተበታተነ፣ ነጠላዋ ተንሸራቶ ትከሻዋ የተራቆተ፣ ጭኗ ላይ ዓይኗን የገለበጠች ሕፃን የተኛችባት ደብሪቱ። ቀኑን አስታወሰችው። መጠለያው በገቡ በሳምንቱ፣ የእናቷ ኀዘን ገና ትኩሱ፣ እሷም ንዳድ ላይ ነበረች። የድንኳን ጎረቤቷ ፋናዬ ታማ ስትወድቅ የፋናዬን የሁለት ዓመት ልጅ ሉሉን ተሸክማ ክሊኒክ ደጃፍ ተቀምጣ ነበር። አንዲት ፈረንጅ ሴት ፊቷ ላይ ካሜራ ደገነች። ከኋላዋ አፍንጫና አፉን ከአቧራው በሻሽ የጠቀለለ ሰው ቆሞ ነበር። ያ ሁሉ እንደ ሕልም ነበር።

ጽሑፉን ማንበብ ጀመረች። ድሮ ቢሆን ጥቁር ጉንዳን ነበር የሚመስላት፤ አሁን ግን ቃላቱ አንድ ባንድ ተከፈቱላት። «ብቸኛ ልጇ እቅፏ ውስጥ የምትሞትባት እናት። ባሏን ረሃብ ወስዶባታል።» ቀጥሎ፣ «ይህች ልጄ ናት ስትል በአስተርጓሚያችን በጋረደው በኩል ነገረችን።»

ስሙን ሦስት ጊዜ አነበበችው። እንግሊዝኛ ፊደል ያስቆጠራት እሱ ነው፤ በዚያው ፊደል አሁን የእሱን ስም አገኘች። ቀና ስትል ሰሌዳው አጠገብ ቆሟል፤ ፊቱ ዐመድ መስሏል። ያወቀችው ያኔ ነው። ሕፃኗን ይዛ ያያት፣ ከዚያም ክፍሉ ስትገባ ያወቃት፣ ሁለት ወር ሙሉም ዝም ያለ ሰው።

ክፍሉ ሲበተን እሷ ቀረች። መጽሔቱን ደረቱ ላይ ለጠፈችው።

«አንተ ነህ?» አለችው። እርስዎ የሚለው ቃል ከአፏ ጠፋ። «ያን ቀን ፊቱን ሸፍኖ የቆመው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ባል ሰጠኸኝ፤ ገደልክብኝ። ልጅ ሰጠኸኝ፤ ልትሞት ነው አልክ። እኔኮ ወንድ ልጅ እጄን ይዞኝ አያውቅም!»

«ደብሪቱ፣ ላስረዳሽ—»

«ቀይ እስክሪብቶህን ስትይዝ የምታፍረው እኔን መስሎኝ ነበር፤ ለካስ በሥራህ ነው» አለችው። ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ ጥላለት ወጣች። ወደ ድንኳኗ ስትሄድ አላለቀሰችም። ዕንባዋን ማንም እንዲያየው አልፈለገችም፤ የታየባትስ በቅቷታል።

* * *

ወሬው ቀኑ ሳይመሽ መጠለያውን አዳረሰ። እህል ለመቀበል ስትሰለፍ ከኋላዋ ሹክሹክታ ይሰማታል። «ወልዳ ጥላ ነው የመጣች አሉ።» «ኸረ ልጅቱ ሞታባታለች፤ ፎቶው አለ።» ፋናዬ ሉሉን በጀርባዋ አዝላ ሰልፉ መሀል ቆማ፣ «የወለድኳት እኔ! ይኸው ደህና ሆና እንጀራ ትገምጣለች!» እያለች ብትጮህም፣ በወረቀት የታተመ ነገር ከሰው አፍ ይልቅ ይታመናል።

አስፋው ሦስት ቀን ከድንኳን አልወጣም። በአራተኛው ቀን፣ «ኒው ሀልፋ የአጎታችን ልጅ ሸንኮራ አገዳው ላይ እየሠራ ነው፤ ሐሙስ በሎሪ እንሄዳለን» አለ።

«ሥራዬስ ወንድምጋሼ? ኢንቲሳር ከፋሲካ በኋላ ጀምሪ ብላኛለች።»

«ስምሽ በየሰው አፍ እየዞረ ምን ሥራ አለሽ? ይህ ሁሉ የመጣው ከዚያ ሸማኔ ነው። የታምሬን ልጅ ለፈረንጅ መሳለቂያ አደረጋት!»

ደብሪቱን ግን የሚያሳፍራት ሌላ ነበር፤ ወንድሟ ጋረደውን ሲሰድበው ልቧ ለጋረደው ታመመ። ተናደድኩበት ያለችው ሰው ሲነካባት እንዲህ የሚያማት ከሆነ፣ ይህ ምን ዓይነት ንዴት ነው?

ማክሰኞ ረፋድ ኢንቲሳር ጠራቻትና ደብተሯን ሰጠቻት። «ዑስታዝ፣ መምህርሽ፣ ላከልሽ» አለች። «እኔ አላነበብኩትም፤ ወላሂ። ግን ከሰጠኝ በኋላ ሁለት ጊዜ ከበር ተመለሰ።»

ደብሪቱ ከመድኃኒት ካርቶኖቹ ኋላ ተቀምጣ ከፈተችው። የዚህን ጊዜ ቀለሙ ቀይ አልነበረም።

«ደብሪቱ፣ ሰበብ ልደረድርልሽ አይደለም። ያን ቀን ሕፃኗን ‹አይዞሽ ልጄ፣ አለሁልሽ› ስትያት ሰማሁሽ። ፈረንጇ ምን አለች ብላ ጠየቀችኝ፤ ‹ልጄ› አለች አልኳት። እናቷ ናት? አለችኝ። እኔም አገሬን እያወቅሁ፣ ልጄ የሚለው ለጎረቤት ልጅም ለማደጎም እንደሚባል እያወቅሁ፣ መኪናው ስለቸኮለ አዎ አልኩ። ባል የሚለውን እኔ አላልኩትም፤ ግን በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ክፍሌ ስትገቢ አወቅሁሽ። በየቀኑ ልነግርሽ እነሣና ደብተርሽ ላይ የጻፍሽልኝን ሳይ፣ ነገ እላለሁ። ለራስዎ የትኛውን ቃል ይመርጣሉ ብለሽኝ ነበር። ፈሪ ነው ቃሉ። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ በሰው ፊት የወሰድኩብሽን ስም በሰው ፊት እስክመልስልሽ ድረስ። እወድሻለሁ። ይህንን ግን ፈርቼ አላውቅም።»

ደብሪቱ ደብተሩን አጠፈች። እንደገና ከፈተች። የመጨረሻዎቹን ሁለት መስመሮች ባነበበች ቁጥር ቁጣዋ ከውስጧ እንደ ትኩሳት እየወጣ፣ ግንባሯን በላብ እያራሰ ሄደ።

* * *

ረቡዕ ከቀትር በኋላ አንድ ላንድሮቨር ክሊኒኩ ደጃፍ ቆመ። ያቺው ፈረንጅ ነበረች፤ ሽበቷ በሻሽ ተጠቅልሏል። ከእሷ ጋር የቴሌቪዥን ካሜራ የተሸከሙ ሁለት ሰዎች ወረዱ። የመጠለያው ሹም ሙሐመድኑር «የፎቶዋን እናት ይፈልጋሉ» ሲል ሰው ከየድንኳኑ ፈልቆ ወጣ። አስፋውም ለነገው ጉዞ የሚያስረውን ጓዝ ጥሎ ከነዱላው መጣ። ደብሪቱ ኢንቲሳርን ልትሰናበት ክሊኒኩ ውስጥ ነበረች፤ ፋናዬና ሉሉም አብረዋት ነበሩ።

ጋረደውን እንዲያስተረጉም አስመጡት። ደብሪቱ በመስኮቱ አየችው። ፈሪ ነኝ ብሎ የጻፈላት ሰው አልመሰላትም፤ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ፈረንጇን በእንግሊዝኛ ተናገራት፤ ከዚያ ዞሮ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ለእሷ የነገርኳትን ለእናንተም ልንገራችሁ። ደብሪቱ ታምሬ እናት አይደለችም። ባልም አግብታ አታውቅም። የታመመች ጎረቤቷን ልጅ አቅፋ ነው የተነሣችው። ያጠፋሁት እኔ አስተርጓሚው ነኝ። ስለሷ ያወራችሁ ሁሉ የእኔን ስሕተት ነው ያወራችሁት፤ ከእንግዲህ ስሟን ትታችሁ የእኔን አንሡ።»

 አስፋው ዱላውን እንደጨበጠ ሁለት እርምጃ ወደፊት መጣ። ጋረደው አልሸሸም። «ጌታው፣ ቢመቱኝም ይገባኛል። ነገሩ ግን እውነት ነው» አለው።

ፈረንጇ አንድ ነገር ተናገረች፤ ካሜራው ወደ ክሊኒኩ በር ዞረ። እዚያ ላይ በሩ ተከፈተ። ደብሪቱ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፀጉሯን አስተካክላ፣ ቀስ ብላ ወጣች፤ ፋናዬም ሉሉን አዝላ ተከተለቻት። ካሜራው ቀይ ዓይኑን ሲያበራባት እጇን ዘረጋች።

«ኖ» አለች።

አንዲት ቃል ናት፤ ግን ከአርማጭሆ እስከዚያች ደጃፍ ያልተናገረችው ሁሉ ውስጧ ነበረባት። ካሜራ የተሸከመው ሰው ግራ ገባው። ጋረደው ሊያስተረጉም አንድ እርምጃ ሲጠጋ አቆመችው።

«አስተርጓሚ አያስፈልገኝም፤ ራሴ እናገራለሁ» አለችው። ከዚያ ድምጿ ለሰለሰ፤ ግን ማንም እንዳይሰማት አላለችም። «አንተ ግን ከአጠገቤ ቁም።»

አስፋው የሰማውን አላመነም። «ምን አልሽ?»

«ከአጠገቤ ይቁም ነው ያልኩት ወንድምጋሼ።»

ጋረደው መጥቶ ከጎኗ ቆመ። ትከሻው ትከሻዋን አልነካም፤ ግን ሙቀቱ ተሰማት። ደብሪቱም ወደ ፈረንጇ ዞራ፣ የእንግሊዝኛ ቃላቱን አንድ ባንድ እየመረጠች፣ አንዳንዱን እየሰበረች፣ ተናገረች። እናት አይደለሁም። የዚህች ልጅ እናት ይችውና፣ ስሟ ፋናዬ ነው። ልጅቱ ሉሉ ትባላለች፤ አልሞተችም። ያን ቀን ታምሜ ነበር፤ እናቴን ቀብሬ ነበር፤ ትከሻዬ ተገልጦ ነበር። አልጠየቅሽኝም። ዝነኛ አይደለሁም፤ ግን የራሴ የሆነ ነገር አለኝ። ፕራይቬሲ አለኝ።

ከዳሱ ተማሪዎች አንዱ፣ እነዚያ ሽማግሌ ሳይሆኑ አይቀሩም፣ «ተሰፍሮላታል!» ሲል ጮኸ።

ፈረንጇ ካሜራው እንዲወርድ በእጇ አሳየች። ፊቷ ቀላ። ይቅርታ እንደጠየቀች ደብሪቱ ያለ ረዳት ገባት። ቀጥላም ማስታወሻዋን ከፍታ፣ ስለሷ ምን ቢጻፍ እንደምትወድ ጠየቀቻት።

«ደብሪቱ ታምሬ» አለች ልጅቱ። «ለክሊኒክ ሥራ የምትማር። ፎቶ ግን ዛሬ አይሆንም።»

እርማቱ ይውጣ አይውጣ ደብሪቱ ኋላ አልተከታተለችውም። ፋናዬ ዕልል ስትል፣ ኢንቲሳርም የተጠቀለለችበትን ነጭ የሱዳን ልብስ፣ ቶቧን፣ እያስተካከለች አብራ ስታቀልጠው፣ ፊቷን ከወረቀቱ ላይ አንሥታ የወሰደችው መሰላት።

መኪናው ከሄደ በኋላ አስፋው እህቱን አየ፤ ሸማኔውን አየ፤ ዱላውን መሬት ላይ ተከለው። ሰው ሁሉ ከአፉ የሚወጣውን ጠበቀ።

«በሰው ፊት ስም ማጥፋት ቀላል ነው» አለ በመጨረሻ፣ ጋረደውን ሳያየው። «በሰው ፊት መመለሱን ግን ብዙ ሰው አይደፍረውም።» ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ነገ ኒው ሀልፋ እሄዳለሁ። እሷ ሥራ አላት አሉ፤ ፋናዬ ዘንድ ትቆይ። ዝናብ ሲጥል እመለሳለሁ።»

«ጌታው—» አለ ጋረደው።

«ያኔ ሽማግሌ የሚልክ ሰው ካለ ይላክ። እሺ አላልኩም፤ አልሰማም ግን አላልኩም። አሁን ሜዳ ላይ ምንም እንዳታናግረኝ» ብሎ ፊቱን አዞረና ወደ ድንኳኑ አቀና። ጥቂት ሄዶ እጁን ወደ ዓይኑ ሲያነሣ ደብሪቱ አየችው። ልትሮጥለት ፈለገች፤ ግን ማንም እንዲያይበት የማይወደው ነገር መሆኑን አውቃ ተወችው።

ሕዝቡ እየተበተነ ሄደ። ሁለቱ እዚያው ደጃፍ ላይ ቀሩ፤ ጥላቸው ረዝሞ ጥቁሩ አፈር ላይ ተኝቷል።

«ይቅር አልሽኝ?» አለ ጋረደው።

«ገና ነኝ» አለች። ከንፈሯ ላይ ግን ፈገግታ ነበር። «ቀስ እያልኩ ነው። እስከዚያ ድረስ አትሽሽ ብቻ።»

«አልሸሽም።»

እሷም ትክ ብላ አየችው፤ በፀሐይ፣ ሰው እያየ፣ ዓይኗን ሳትሰብር። የማታውቀውን የግንባሩን መስመር፣ ከቅንድቡ በላይ ያለችውን ትንሽ ጠባሳ፣ ሊስቅ ሲል ቀድሞ የሚታጠፈውን የአፉን ጥግ አየች። ቀድሞ ያቀረቀረው እሱ ነበር። ደብሪቱ ደረቷ ውስጥ አንድ ሰፊ ነገር ሲከፈት ተሰማት፤ አልፈራችውም።